ስድስት ወር ከነክረምቱ፦ የኮሮላዬን ቀለም ያደሰው የዲቴይሊንግ ቤት ሥራ ሲመዘን

መኪናዬ የ2008 ሞዴል ጥቁር ቶዮታ ኮሮላ ናት። ባለፈው ግንቦት በአዲስ አበባ ወደሚገኝ አንድ የመኪና ዲቴይሊንግ ቤት (መኪናን በጥልቀት አጽድቶ ቀለሙን የሚያድስ ቤት) አስገብቻት፣ ቀለሟ በሁለት ዙር ፖሊሽ ተደርጎ ሴራሚክ ኮቲንግ የተባለው መከላከያ ሽፋን ከተቀባላት በኋላ በአምስተኛው ቀን ተረከብኳት። የከፈልኩት 32,000 ብር ነው። ይህን ግምገማ በዚያው ሳምንት ልጽፈው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን አዲስ የተወለወለ መኪና ማንም ቢሠራው ለጥቂት ቀን ማማሩ ስለማይቀር፣ ክረምቱ አልፎ አቧራውም ተመልሶ ሥራው በእርግጥ ምን እንደሆነ እስኪገለጥልኝ ድረስ መታገሥን መረጥሁ። አሁን ኅዳር ነው፤ የምለውንም በሙሉ ልብ ለመናገር በቂ ጊዜ አልፏል። ሥራቸው ካወጣሁት ገንዘብ ጋር የሚመጣጠን ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ በእነርሱ እንድተማመን ያደረገኝ ግን ከሠሩት ይልቅ አንሠራም ብለው የተዉት አንድ ቦታ ነው፤ ወደ እርሱ እመለስበታለሁ። የቤቱን ስም አልጠቅስም፤ የመሰከርኩት በአንዲት መኪና ላይ ለተሠራ ሥራ ስለሆነ፣ አንባቢ ያየሁትን ይዞ የትኛውንም ቤት ቢመዝንበት የተሻለ ይመስለኛል።

ለቀለም ይህን ያህል ገንዘብ ማውጣት ቅንጦት ነው የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። እኔ ግን እንዲህ አስባለሁ፦ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ ወዲህ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ በኋላ፣ በእጁ ያለችውን መኪና ጠብቆ ማቆየት ለአብዛኛው ባለመኪና የኑሮ ጉዳይ ሆኗል። ሞተሯን በጊዜው ዘይት እየቀየርን፣ ፍሬኗን እያስፈተሽን እንንከባከባለን። ቀለሟን ግን ታጥባ ካደረች በቂ ይመስለናል፤ ጣሪያዋ እንደ ተላጠ ቆዳ ነጭ እየሆነ መነሳት ሲጀምር ነው የምንደነግጠው።

የእኔን መኪና ቀለም ከሁሉ በላይ የጎዳው በቅን ልብ የተደረገላት እንክብካቤ ነው። የግቢያችን ጥበቃ የሆኑት አባባ ላለፉት ስድስት ዓመታት ማለዳ ማለዳ፣ እኔ ከመውጣቴ በፊት፣ ሌሊቱን ያረፈባትን አቧራ በደረቅ ጨርቅ ይጠርጉላት ነበር። ማንም አላዘዛቸውም፤ ከአክብሮታቸው የመነጨ ነው። ይሁን እንጂ የከተማችን አቧራ በውስጡ ደቃቅ አሸዋ፣ የሲሚንቶ ብናኝና የመንገድ ጠጠር ስባሪ የተቀላቀለበት ነው፤ የኮሪደር ልማቱ ቁፋሮ በሰፈራችን ባለፈበት ወቅትማ በአንድ ሌሊት የመኪናዋ ቀለም እስከማይለይ ድረስ ይጋገርባት ነበር። እንዲህ ያለው አቧራ በደረቅ ጨርቅ ተጭኖ ሲገፋ የብርጭቆ ወረቀት ሥራ ይሠራል። እያንዳንዱ ጭረት ለብቻው በዓይን አይታይም፤ በሺህ ሲቆጠር ግን ፀሐይ ሲያርፍበት የሸረሪት ድር መስሎ ይወጣል። ጭረቶቹ በየአቅጣጫው የተበተኑ ሆነው ሳለ ክብ የሚመስሉት፣ ብርሃኑን ወደ ዓይናችን የሚመልሱት በብርሃኑ ዙሪያ የተጋደሙት ብቻ ስለሆኑ ነው። ጥቁር ቀለም ደግሞ አንዱንም አይሸሽግም።

ላቫጆም የበኩሉን ጨምሯል። ጎማና ቸርኬ የታጠበበት ስፖንጅ በደንብ ሳይለቀለቅ ወደ ኮፈን ይወጣል፤ ሳሙናው አብዛኛውን ጊዜ ለልብስ የተሠራው ዱቄት ሳሙና ነው፤ መኪናዋም ፀሐይ ላይ ቆማ ስለምትታጠብ አረፋው ከመለቅለቁ በፊት ይደርቃል። የላቫጆ ልጆችን መውቀስ አልፈልግም፤ በምንከፍላቸው ገንዘብና በምንሰጣቸው ሃያ ደቂቃ ከዚህ የተሻለ እንዲሠሩ መጠበቅ ፍትሐዊ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ የእህቴ ልጅ ስታገባ ኮሮላዬ ከአጃቢዎቹ መኪኖች አንዷ ነበረች፤ አበባና ሪባን በፕላስተር ተለጥፎባት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ዋለች፤ ማታ ፕላስተሩን ስንልጠው ሙጫው ቀረ፤ ያንንም በቤንዚን እያረጠብን በጥፍር ፋቅነው። በኮፈኑ ላይ አራት የደበዘዙ አራት ማዕዘኖች እስከዚህ ግንቦት ድረስ ይታዩ ነበር።

የመጨረሻው ጉዳት ሊያድናት በተሞከረ ጊዜ የመጣ ነው። ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት ስሙን ወደማልጠቅሰው ሌላ ቤት ወስጃት በሁለት ሰዓት ውስጥ «እንደ አዲስ» ሆና ወጣች። ደስ ብሎኝ ነበር። ሁለት ዝናብ ከጣለባት በኋላ ግን ጭረቶቹ እንዳሉ ተመለሱ፤ በላያቸውም ቀድሞ ያልነበረ፣ ፀሐይ ሲመታው እንደ ጅራት የሚወዛወዝ የብርሃን ጥላ ተጨመረ። በግራው የፊት ፓራፋንጎ ጠርዝ ላይም ቀለሙ ፈዝዞ ነበር። ምን እንደተደረገባት የተረዳሁት ዘንድሮ ነው፦ በአንድ ዛቢያ ብቻ በኃይል በሚሽከረከር ማሽንና ኮምፓውንድ በሚባለው ሻካራ መሞረጃ ቅባት ከላይ ተሞርዳ፣ የቀሩትን ጭረቶች ቅባት እንዲሞላቸው ተደርጎ ነበር የተሰጠችኝ። ዝናቡ ያጠበው ያን ቅባት ነው።

እዚህ ላይ ቀለሙ ራሱ ምን እንደሆነ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ የአንዱ ቤት ሥራ ከሌላው የሚለይበት ምክንያት ግልጽ አይሆንም። ከፋብሪካ የወጣ መኪና ቀለም አንድ ወጥ ነገር ቢመስልም በላይ በላዩ የተነባበረ ነው። ከብረቱ ጋር የሚጣበቀውና ዝገትን የሚከላከለው ሽፋን ከሥር አለ፤ ከእርሱ በላይ ፕራይመር፣ ቀጥሎ መልኩን የሚሰጠው ቀለም፣ ከሁሉም በላይ ቀለም ቀቢዎቻችን ክሊር የሚሉት እንደ ብርጭቆ የጠራ ሽፋን ይገኛል። ሁሉም ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ገደማ ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ መሆኑን ልብ ይሏል። ከዚህ ውስጥ የክሊሩ ድርሻ በአብዛኛው ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ ከአንድ ጠጉር ውፍረት ያነሰ ማለት ነው። መኪናዋን የሚያንጸባርቃት፣ ከሥሩ ያለውን ቀለም ከፀሐይ ጨረር የሚከላከልላትም ይኸው ስስ ሽፋን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝና አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ እዚህ የምትቆም መኪና ክሊር ባሕር ዳርቻ ላይ ካለችው ይልቅ ይፈተናል። ፖሊሽ ማድረግ ማለት ደግሞ ጭረቱን መሙላት አይደለም፤ በጭረቱ ዙሪያ ያለውን ክሊር እስከ ጭረቱ ወለል ድረስ ዝቅ ማድረግ ነው። ከማይሞላ ማድጋ እንደመቅዳት ያለ ሥራ ስለሆነ፣ በማድጋው ውስጥ ስንት እንደቀረ ሳያይ የሚቀዳ ሰው አደገኛ ነው።

የዘንድሮው ቤት በመጀመሪያ ያደረገው መለካት ነበር። የተቀበለኝ ወጣት ባለሙያ ዋጋ ከመናገሩ በፊት የቀለም ውፍረት የምትለካ፣ ከሞባይል ስልክ የማትበልጥ መሣሪያ አውጥቶ በእያንዳንዱ የብረት ክፍል ላይ አምስት ስድስት ቦታ አስነካት። ጣሪያው 112፣ ኮፈኑ በ97 እና በ104 መካከል፣ የቀኝ በሮች 110 አካባቢ። ፓራውልቱ ላይ አልሞከረም፤ መሣሪያዋ የምታነበው ብረትን እንጂ ፕላስቲክን አይደለም። የግራው የኋላ በር ላይ ስትደርስ 390 አለች። ባለሙያው ዝም ብሎ ተመለከተኝ። መኪናዋን ስገዛ ግጭት አይታ እንደማታውቅ ተነግሮኝ ነበር፤ በዘጠኝ ዓመቴ በሩ ባትላሜራ ገብቶ፣ እስቱኮ ተለስኖና እንደገና ተቀብቶ እንደነበር ከዚያች ትንሽ መሣሪያ ሰማሁ።

ቀጥሎ በግራው ፓራፋንጎ ጠርዝ ላይ፣ ያ የፈዘዘው ቦታ ላይ አስነካት። 61። እንደገና አስነካት፤ 63። ኪሱ ውስጥ ካለው የቀለም ፕላስተር ጥቅል ቆርጦ የጠርዙን ርዝመት ተከትሎ ለጠፈበትና፣

«ጋሼ፣ ይህን ጠርዝ አልነካውም» አለኝ። «እዚህ ላይ የቀረው ክሊር በጣም ስስ ነው። አሁን ባሳምረው ለወራት ደስ ይልዎታል፤ ከዚያ ቀለሙ ይወጣና ፓራፋንጎውን በሙሉ ማስቀባት ይኖርብዎታል። ጭረቱ ቢቀር ይሻላል።»

ከሦስት ቀን በኋላ ሊያገኝ የሚችለውን ምስጋና አስቀድሞ ቀንሶ የሚነግረኝ ሰው ስለነበር መኪናዋን ለእርሱ ለመተው ወሰንኩ።

አጠባቡን ቆሜ ተመለከትኩ። መጀመሪያ ማንም ሳይነካት በግፊት ውኃ ተረጨች፤ ከዚያ አረፋ ለብሳ ለጥቂት ደቂቃ ቆየች፤ ይህም ጠጠሩ ከቀለሙ እንዲላቀቅ ነው። ባልዲዎቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሳሙና ያለበት፣ ሁለተኛው ጓንቱ በየዙሩ የሚለቀለቅበት ንጹሕ ውኃ፤ በሁለቱም ወለል ላይ አሸዋው ታች እንዲቀር የሚያደርግ ወንፊት ተቀምጧል። ከጣሪያ ተጀምሮ ወደ ታች ይወረዳል፤ ለቸርኬው የተለየ ብሩሽና የተለየ ባልዲ አለ። ታጥባ ከደረቀች በኋላ ባለሙያው ስስ ፌስታል ሰጠኝና እጄን ከትቼ በኮፈኑ ላይ በቀስታ እንዳንሸራትት ነገረኝ። በባዶ እጄ ለስላሳ የነበረው ኮፈን በፌስታሉ ውስጥ ሲዳሰስ እንደ ደረቀ እንጀራ ጠርዝ ሻካራ ነበር። መኪናዋን የማቆመው የብረት በር ከሚሠሩ ብየዳ ቤቶች ትይዩ ነው፤ ብረት ሲቆረጥ የሚበተነው ብልጭታ ትኩሱን ሄዶ በክሊሩ ላይ ይተከላል። የብረት ብናኝ የሚያሟሟ ፈሳሽ ሲረጭባት ያ ሁሉ ነጥብ ወይን ጠጅ መልክ እያወጣ በጎኗ ወረደ፤ የቆሰለች ነው የመሰለችኝ። የቀረውን በማለስለሻ ውኃ እያረጠቡ ለዚሁ በተሠራ፣ እንደ ሊጥ ለስላሳ በሆነ ሸክላ አነሱት። ይህ ሁሉ ሲሆን ፖሊሽ ገና አልተጀመረም፤ ግማሽ ቀን ግን አልፏል። በሁለት ሰዓት «እንደ አዲስ» የምትሆን መኪና ከዚህ ሥራ ምን ያህሉ እንደተዘለለባት አንባቢ ይገምት።

ፖሊሹን የጀመሩት ከኮፈኑ ላይ ክንድ በክንድ የምትሆን ቦታ በፕላስተር ከልለው ነው። የማሽኑ እንቅስቃሴ ድርብ ነው፤ ፓዱ፣ ማለትም የሚወለውለው ስፖንጅ፣ እየተሽከረከረ በዚያው ላይ በትንሽ ክብ ስለሚወዛወዝ ሙቀቱ በአንድ ነጥብ አይከማችም፤ የብርሃን ጅራትም አይተውም። ባለሙያው መጀመሪያ ለስላሳውን ፓድ ከደቃቅ ፖሊሽ ጋር ሞከረ፤ ለጭረቱ አልበቃ ሲል ብቻ ወደ ጠንከር ያለው ተሻገረ፤ በትንሹ ኃይል የሚወጣውን ጭረት በብዙ ኃይል ማውጣት ክሊር ማባከን ነው ብሎ አስረዳኝ። ሲጨርስም ቦታዋን በውኃ በተበረዘ አልኮል ጠረጋት። አልኮሉ ቅባቱን ሁሉ ስለሚያነሳ የተደበቀ ጭረት ካለ በዚያው ቅጽበት ይወጣል። ከዚያ መብራቱን አስጠጋ። በፕላስተሩ በአንድ በኩል የመብራቱ መልክ በሸረሪት ድር ተከብቦ ይታያል፤ በሌላው በኩል የአምፖሉ ጠርዝ ሳይቀር ጥርት ብሎ በጥቁሩ ውስጥ ተቀምጧል። የሠርጉ ፕላስተር ከተዋቸው አራት ማዕዘኖች አንዱ በድንበሩ ላይ ስለነበር ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ጠፍቶ ግማሹ ቀርቷል። ያለፈው ቤት ይህን የአልኮል ፈተና ቢያደርገው ኖሮ ገንዘቤን ሊቀበለኝ ባልቻለ ነበር፤ ፖሊሽ የሚያስደርግ ሰው ከምንም በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ይህንን ይመስለኛል።

በጠቅላላው ከጭረቶቹ አብዛኛው ወጥቷል፤ ሁሉም አይደለም። ጥፍር የሚይዝ ጥልቅ ጭረት በቀኙ የፊት በር ላይ ሁለት፣ በሻንጣው ክዳን ላይ አንድ ነበሩ፤ እነርሱ ጠርዛቸው ለዝቦ ፈዘው ቀርተዋል። አስቀድሞ የተነገረኝ ስለሆነ ቅሬታ የለኝም። ሥራው ሲያበቃ በኮፈኑ ላይ እንደገና ሲለካ ከአምስት ማይክሮን ያልበለጠ ነበር የቀነሰው።

በሦስተኛው ቀን ከረፋዱ ጀምሮ እስከ ማታ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር የላቸውም። እኩለ ቀን ላይ ራሳቸው ደውለው ኮቲንጉ በዚያ ቀን ሊቀባ እንደማይችል፣ ያለ በቂ ብርሃን ቢቀቡት ስሕተቱ እንደማይታያቸው ነገሩኝ። መዘግየቱ ለአንድ ተጨማሪ ቀን የታክሲ ወጪ ቢያስወጣኝም በጨለማ ከመቀባት መጠበቁን እመርጣለሁ። ነገር ግን መብራት መጥፋቱ በከተማችን ያልተጠበቀ ነገር አይደለምና፣ ይህን ያህል የሚያስከፍል ቤት ለመብራትና ለማሽኑ የሚበቃ ጄኔሬተር ሊኖረው ይገባል።

ስለ ሴራሚክ ኮቲንግ ብዙ የተጋነነ ነገር ስለሚነገር ያየሁትን ብቻ ልናገር። ከመሠረቱ ሲሊካ ያለበት ፈሳሽ ነው፤ በንጹሕ ቀለም ላይ በስሱ ተቀብቶ ሲደርቅ ከክሊሩ ጋር ይጣበቃል፤ በብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል የሚገኘው ካርናውባ የተባለው ሰም ከሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ሲቆይ፣ ይህ ለዓመታት እንዲቆይ የተሠራ ነው። በማስታወቂያ ላይ በጉልህ የሚጻፈው «9ኤች» የተባለው ጥንካሬ የእርሳስ መለኪያ ነው፤ ከለስላሳ እስከ ጠንካራ ደረጃ የወጣላቸው እርሳሶች በሽፋኑ ላይ እየተገፉ የትኛው እንደሚጭረው የሚታይበት ፈተና ነው። አልማዝ አሥር ከሚያገኝበት የማዕድን ጥንካሬ መለኪያ ጋር ምንም አያገናኘውም። ከፊት የሚሄድ ሲኖትራክ የሚወረውረውን ጠጠር አይመክትም፤ ለዚያ የሚሆነው ወፍራሙ ግልጽ ፊልም ነው፤ ዋጋውም ከኮቲንጉ እጅግ የራቀ ነው። ደረቅ ጨርቅንም አይመክትም። የሚሰጠው ጥቅም ውኃና ጭቃ አጥብቆ እንዳይይዝ ማድረግና አጠባቡን ማቅለል ነው፤ አጠባቡ ሲቀል ደግሞ መታሸቱ ይቀንሳል። ከተቀባ በኋላ ለ24 ሰዓት ውኃ እንዳይነካው፣ ለአንድ ሳምንት ደግሞ በሳሙና እንዳይታጠብ ያዛሉ፤ የግንቦት ደመና አስግቷቸው መኪናዋን ሌሊቱን ከውስጥ ማሳደራቸውን አመሰግናለሁ።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ። የፖሊሹ ነጭ ዱቄት በመስኮቶቹ ጎማ ጥግና በኋላ ባለው የቶዮታ ምልክት ውስጥ ተጋግሮ ቀርቶ ነበር፤ በጥርስ ብሩሽ ራሴ አወጣሁት። መቀመጫዎቹን ያጠቡበት ውኃ በደንብ ሳይደርቅ ስለተረከብኳት ለሦስት ቀን ርጥበት ርጥበት ስትሸት ቆይታለች። ከሁሉም የሚበልጠው ግን በቀኙ የኋላ በር ላይ የነበረው እንደ ዘይት ጠብታ ያለ ጥላ ነው፤ በሁለተኛው ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ታየኝ። ኮቲንጉ ከተቀባ በኋላ በጊዜው ካልተጠረገ ደርቆ እንዲህ ያለ እብጠት ይሠራል። ስወስድላቸው ሳይከራከሩ ቦታውን ፖሊሽ አድርገው እንደገና ቀቡት፤ ግማሽ ቀኔ ግን ሄደ። በተጨማሪም ያ ሁሉ ልኬት በቃል የተነገረ ነበር፤ ቁጥሮቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የየክፍሉን ውፍረት፣ ያልተነኩትንም ቦታዎች የሚዘረዝር አንድ ገጽ ወረቀት ለደንበኛ መስጠት ቢጀምሩ ለእነርሱም መከላከያ ይሆናቸዋል።

ወረቀት ሰጥተውኛል፤ የዋስትናው ነው። «5 ዓመት» የሚለው በትልቁ ተጽፏል፤ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል ደግሞ ዋስትናው የሚጸናው መኪናዋ በየዓመቱ እነርሱ ዘንድ በክፍያ ስትፈተሽ እንደሆነ፣ የወፍ ኩስ፣ የጠጠር ምትና ሌላ ቦታ በመታጠብ የሚመጣ ጉዳት እንደማይካተት ይገልጻል። ሁኔታዎቹ በራሳቸው ምክንያታዊ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ነገር ግን ሰው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ሊነበቡለት ይገባ ነበር። እኔ ያነበብኳቸው ቁልፉን ከተቀበልኩ በኋላ ነው።

ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ዝናብ መኪናዋን ስመለከት ውኃው በኮፈኑ ላይ እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ይወርድ ነበር፤ ጭቃውም በትንሽ የውኃ ግፊት ይለቃል። ጥቅምት ላይ ኮፈኑ ውኃውን መያዝ ጀመረና ኮቲንጉ ያለቀ መስሎኝ ደነገጥሁ። ደውዬ ስጠይቅ በላዩ የተጋገረ ጥቃቅን ቆሻሻ ሊሆን ስለሚችል በመኪና ሻምፑ በደንብ አጥቤ እንዳየው ተነገረኝ፤ እንደተባለውም ዶቃው ተመለሰ። ያልተመለሰው የጣሪያው ነገር ነው። መስከረም ላይ ለአራት ቀን ወደ ባሕር ዳር ስሄድ መኪናዋ ከዛፍ ሥር ቆማ ነበር፤ ስመለስ የወፍ ኩስ ደርቆባት አገኘሁ። ካጠብኩት በኋላ የሃያ አምስት ሳንቲም የሚያክል የደበዘዘ ክብ ቀረ። በኩሱ ያለው አሲድ ፀሐይ እያሞቀው ኮቲንጉን አልፎ ክሊሩን ነክቶታል። በዚያው ቀን በውኃ ረጥቦ ቢነሳ ኖሮ ምልክት አይተውም ነበር።

ከአባባ ጋር መነጋገሩ ከሁሉም ከብዶኝ ነበር። ለስድስት ዓመት በፍቅር ያደረጉትን ነገር ጉዳት ነው ብሎ መንገር ቀላል አይደለም። አንድ ማለዳ ጨርቁን ይዘው ሲመጡ በፌስታል ኮፈኑን አስዳሰስኳቸው፤ ቀጥዬም የአቧራውን አሸዋ በጣቴ ላይ አሳየኋቸውና «አባባ፣ ከእንግዲህ በደረቅ ጨርቅ አይጥረጉልኝ፤ አቧራው ይቀመጥ» አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «እሺ ልጄ፤ አቧራ ለብሳ ሳያት አላስችል ብሎኝ እኮ ነው» አሉኝ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እናጥባታለን። ውኃ በፈረቃ ስለሆነ ከሮቶው በቀዳነው ሁለት ባልዲ እንጨርሳለን፤ ጓንቱን የሚያለቀልቁት እርሳቸው ናቸው፤ አንዴ መሬት ወድቆብኝ ላነሳው ስል ከለከሉኝና አዲስ ውኃ ቀድተው አጠቡት።

ይህን ቤት ለማን እመክራለሁ? ክሊሩ ገና ያልተነሳ፣ ጭረት ግን የበዛበት መኪና ላለው ሰው። ክሊሩ መላጥ ከጀመረ ፖሊሽም ሆነ ኮቲንግ ምንም አያደርግለትም፤ ገንዘቡን ለጥሩ ቀለም ቀቢ ቢያውለው ይሻላል። አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ወዳጆቼም ይጠይቁኛል፤ አዲስ መኪናም ቢሆን በጉዞና በመሸጫው ቦታ እጥበት ቀላል ጭረት ሊይዝ ስለሚችል በመብራት ታይቶ በአንድ ዙር ለስላሳ ፖሊሽ ብቻ ተደርጎለት ኮቲንጉ ቢቀባ ይበቃዋል፤ ሁለት ዙር የሚያዝዝላቸው ካለ ምክንያቱን በልኬት ያሳያቸው። መኪናውን እንደ ቀድሞው በዚያው ስፖንጅ የሚያሳጥብ ሰው ግን ይህን ገንዘብ ባያወጣ እመርጥለታለሁ፤ ሁለት ባልዲ፣ አንድ ጓንት፣ አንድ ትልቅ ማይክሮፋይበር ፎጣና አንድ ጠርሙስ የመኪና ሻምፑ ቢገዛ ከኮቲንጉ ይልቅ ይጠቅመዋል፤ ዋጋውም አይቀራረብም።

የዓመቱ ፍተሻ ቀጠሮዬ ግንቦት ላይ ነው። የጣሪያውን ክብ ያኔ አሳያቸዋለሁ፤ ሊወጣ የሚችል ከሆነ በልኬቱ እንወስናለን። በግራው ፓራፋንጎ ጠርዝ ላይ ያለው ጭረት እንዳለ ነው፤ ጠዋት ከግቢ ስወጣ ፀሐይ በዚያ በኩል ስለምትመጣ ሁልጊዜ ይታየኛል። ቀለሙ ከሥሩ አልተነሳም።